ሻፍቱ ተበላ፣ ቡሹ ግን ደህና ነው፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

የመቀሸሪያው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ነው ያለሁት። አጎቴ ወደ አጋሮ መውጫው ላይ ትንሽ የደረቅ ቡና መቀሸሪያ አለው፣ ማሽኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰሞኑን መንቀጥቀጥና መጮህ ሲጀምር ፈታነውና ዋናው ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) ቡሹ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት መደገፊያ) የሚይዘው ቦታ ላይ ዙሪያውን በመስመር በመስመር ተቦርቡሮ አገኘነው፣ 40 ሚሊ የነበረው 39.3 ደርሷል። ቡሹ ደግሞ ነሐስ ነው፣ ውስጡ ያብረቀርቃል፣ በካሊፐር ስለካው የሰፋው ግፋ ቢል 0.1 ሚሊ ነው። እኔ እስከዛሬ የማውቀው ቡሽ ለስላሳ ስለሆነ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፣ የሚገባውም ሻፍቱ እንዲተርፍ ነው ሲባል ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞሩ የሚቆርጡበት) ወስጄው "ቡሹ ጤነኛ ነው፣ ሻፍቱን በብየዳ ሞልተን እናዞርልሃለን" አሉኝ፣ ግን አምናም እንደዚሁ አስሞልተን ዓመት አልቆየም። ለቀማ ሊጀመር ነው፣ ጥቅምት ላይ ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) መግባት ሲጀምር ማሽን ቆመ ማለት ለኛ የዓመቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው፣ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ባጃጅ ጠጋኝ
ወንድሜ ብረቱ ነው። አሁን የሚመጣው ሻፍት ጥንካሬ የለውም፣ ለብየዳ የተጠቀሙትም ኤሌክትሮድ ለስላሳ ይሆናል። ቡሽ የሚባለውን ነገር ተወውና ኩሽኔታ (ባለ ኳስ መደገፊያ) አስገባበት፣ እኔ ባጃጅ ላይ ስንት ዓመት ያየሁት ኩሽኔታ የገባበት ቦታ እረፍት ነው።

አሮጌ ቶርኖ
ብረቱ ላይ አትፍረዱ፣ ብረቱ ምንም አላጠፋም። ልጄ፣ አጥፊው ያ ጤነኛ ነው ያሉህ ቡሽ ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ጀንፈሉ መሬት ላይ የተሰጣ ከሆነ አፈርና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ማሽኑ ሲቀሽር አቧራው ሁሉ ተነስቶ ግራሶው ላይ ይለጠፋል፣ ግራሶው ደግሞ ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። የአሸዋ ቅንጣት በሻፍትና በቡሽ መሀል ሲገባ የት ይሄዳል? ለስላሳው ውስጥ ይቀበራል። ነሐሱ ላይ ግማሹ ይሰምጣል፣ ግማሹ ጥርሱን አውጥቶ ይቀራል፣ ከዛ ወዲያ ቡሹ ቡሽ መሆኑ ቀርቶ የብርጭቆ ወረቀት ሆኗል፣ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ይፍቀዋል። የብርጭቆ ወረቀት እንጨት ሲልግ ወረቀቱ ያልቃል እንዴ? እንጨቱ ነው የሚያልቀው። ወረቀቱ ለስላሳ ነው፣ የሚፍቀው የተሸከመው አሸዋ ነው። ያንተም ቡሽ እንደዛ ነው፣ የተቀበሩት ቅንጣቶች ነሐሱን ከመነካካት ስለሚያድኑት እሱ አይበላም። አምና ሻፍቱን አስሞልተህ ያንኑ ቡሽ መልሰህ ከገጠምክ አዲስ እንጨት ለአሮጌ የብርጭቆ ወረቀት ሰጠህ ማለት ነው።

ያ መስመር መስመር ያልከውም ምልክቱ ነው። ዘይት አጥቶ የተላተመ ብረት እንደዛ አይመስልም፣ ይላጣል፣ የነሐስ ቀለም ሻፍቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱም ያጠቁረዋል።

ኪቶ ፉርዲሳ መካኒካል
ጋሼ ያሉት በጣም ትክክል ነው፣ እኔ ላይ ያለውን ቁጥር ልጨምር። በቪከርስ ጥንካሬ ሲለካ ነሐሱ 100 አካባቢ ነው፣ ተራ የሻፍት ብረት 200 አካባቢ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 1000 ገደማ፣ ከዛም ያልፋል። ስለዚህ ለአሸዋው ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ልዩነቱ አንዱ ይቀብረዋል ሌላው ይፋቃል።

ክላስ ላይ እኔንም ያደናገረኝ ይሄ ነበር። አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የመበላት ቀመር አለ፣ የሚበላው መጠን ከጭነቱና ከተንሸራተተው ርቀት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ከሚበላው ነገር ጥንካሬ ጋር ደግሞ ተቃራኒ ነው ይላል። ዝም ብለህ ካየኸው ለስላሳው ቡሽ ይበላል ነው የሚሰጥህ። ግን ሻፍቱ እየታሸ ያለው ከነሐስ ጋር አይደለም ከአሸዋ ጋር ነው፣ ቀመሩ አልተሳሳተም እኛ ነን ማን ከማን ጋር እንደሚታሽ ያላየነው።

እና አንድ ጥያቄ፣ ቺንጋውን (ሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ) በጣም ነው ወይ የምትወጥሩት? ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መበላቱም እጥፍ ነው፣ ብዙ ቦታ ቺንጋ እየተንሸራተተ ሲያስቸግር እስኪጮህ ይወጠርና ያ ሁሉ ጉልበት ቡሹ ላይ ያርፋል።

የመቀሸሪያው ልጅ
ቺንጋውን አዎ እንወጥረዋለን፣ በተለይ ዝናብ ሰሞን ይንሸራተታል። ግራሶውንም ልጆቹ ከቆርቆሮው በጣት እያወጡ ነው የሚቀቡት፣ ቆርቆሮው ደግሞ ክዳን የለውም እዛው ማሽኑ ስር ነው የሚቀመጠው፣ አሁን ስጽፈው ራሱ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ቡሹን በጣቴ ስዳስሰው ለስላሳ ነው፣ በዓይንም ምንም አይታይም፣ አሸዋ መኖሩን በምን ላረጋግጥ? አጎቴ ደህና ነው የተባለ ነሐስ ጣለው ብለው አይሰሙኝም፣ ነሐስ ዋጋው ታውቃላችሁ።

አሮጌ ቶርኖ
ጥሩ ጠየቅክ። ቡሹን በናፍጣ አጥበህ አድርቀው። ከዛ የተሰበረ ጠርሙስ ቁራጭ፣ በጥንቃቄ እጅህን በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ለስላሳ ፊቱን ቡሹ ውስጥ ጫን አድርገህ እሸው። ነሐስ ጠርሙስን መጫር አይችልም፣ በጭራሽ። ጠርሙሱ ላይ ጭረት ከወጣ የጫረው ነሐሱ አይደለም። አጎትህ ፊት አድርገው፣ ክርክር አያስፈልግም።

ሻፍቱን በተመለከተ እኔ ብሆን ብየዳ አላስገባበትም። ሙቀቱ ሻፍቱን ያጣምመዋል፣ ብየዳው ካለቀበት ጠርዝ ላይም ስንጥቅ ይጀምራል፣ በተለይ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ። የተበላውን አዙረህ ወደ 39 አውርደውና አዲሱን ቡሽ በዛ ልክ አስቆርጥ፣ ክፍተቱን 0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ስጠው።

ኪቶ ፉርዲሳ መካኒካል
ከ40 ወደ 39 ሲወርድ የመጠምዘዝ አቅሙ በ7 ፐርሰንት ገደማ ነው የሚቀንሰው፣ ጥንካሬው ከዲያሜትሩ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ። ለዚህ ማሽን የሚያሰጋ አይመስለኝም፣ ግን የተዞረበት ጠርዝ ላይ ስለት ያለው ጥግ እንዳይተው ንገራቸው፣ ክብ ይሁን፣ ሻፍት ከዛ ነው የሚሰበረው።

ባጃጅ ጠጋኝ
የጋሼን አንብቤ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ብረቱ ላይ ፈርጄ ነበር። ግን ኩሽኔታው ላይ አሁንም አለሁ፣ በሁለት በኩል የተዘጋ ቢሆንስ?

አሮጌ ቶርኖ
የተዘጋ ከሆነ ይሰራል፣ ክፍቱን ግን አቧራው በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል፣ ኩሽኔታ ጠንካራ ነው ግን አሸዋ የሚቀብርበት ቦታ የለውም፣ ኳሶቹ እየረገጡት ያልፋሉ መንገዱም ይቦረቦራል። ደግሞ የዚህ ማሽን ቤቱ (ቡሹ የሚቀመጥበት መያዣ) ለቡሽ ነው የተሰራው፣ ለኩሽኔታ ቤቱን መቀየር አለበት፣ ለቀማ ደርሶ ያን አልመክርም። አሁን የሚያድነው ግራሶውን በፓምፕ መስጠት ነው፣ አሮጌው ጥቁሩ በዳር እስኪወጣና ንጹሑ እስኪታይ። የወጣውን የግራሶ ቀለበት ዳር ላይ ተዉት አትጥረጉት፣ አቧራውን ውጭ የሚያስቀረው እሱ ነው። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ማታ ሲቆም ስጡት፣ ሙቅ እያለ በደንብ ይገባል፣ ሌሊት ሲበርድም አቧራ አይስብም።

የመቀሸሪያው ልጅ
አደረግነው። የሚሪንዳ ጠርሙስ ቁራጭ ነው የተጠቀምነው፣ አጎቴ ራሳቸው ያዙት። አንድ ጊዜ ሲያሹት የመፋጨት ድምፅ ሰማን፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ሶስት አራት ቀጭን ጭረት። ሁለተኛው በኩል ያለው ቡሽ ላይ ሞከርነው ምንም አልጫረም፣ እሱ ከገለባው መውጫ ራቅ ያለው ነው፣ ሻፍቱም በዛ በኩል 39.9 ነው። አጎቴ ምንም አላሉም፣ ጠርሙሱን ኪሳቸው ከተው ቶርኖ ቤት ይዘውት ሄዱ። አዲሱ ቡሽ ለሐሙስ ታዟል። ጋሼ አንድ የቀረኝ፣ የግራሶ ቀዳዳው ድሮ ከላይ ነበር፣ ቺንጋው ሻፍቱን የሚስበው ወደ ላይ ነው፣ ቀዳዳው ጭነቱ ያለበት ጎን መሆኑ ጥሩ ነው?

አሮጌ ቶርኖ
አይደለም። ግራሶው ክፍተቱ ሰፋ ባለበት ነው መግባት ያለበት፣ ጭነቱ ባለበት ጎን ሻፍቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ወደ ጎን አዙረህ አስበሳው፣ ከሐሙስ በፊት ደውልላቸው።