ለገና የክፍል በዓል ከረሜላና ለስላሳ ይከልከል?

የክፍል ተወካይ፦ ታኅሣሥ 29 ከመግባቱ በፊት ባለው ዓርብ ከኬጂ እስከ 2ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በዓሉን በየክፍላቸው ያከብራሉ። በአንድ ክፍል 50 ልጅ ነው። ከረሜላ፣ ለስላሳና ኬክ ይቅር የሚል ሐሳብ ስለመጣ አስተያየት ስጡ።

ሲስተር፦ ይቅር እላለሁ። የአንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ስኳር 30 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ይህ ያው 30 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ጠርሙስ የቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ዳቦ ቤት ያለው ወላጅ፦ እሺ ሲስተር፣ ከልክለን ምን ልንሰጥ ነው? ቆሎ? ንፍሮ? ንፍሮማ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው የሚል ወላጅ አይጠፋም። በዓሉን በዓል የሚያስመስለው ኬኩ ነው።

የ2ኛ ክፍል ወላጅ፦ ጋሼ፣ ዓርቡ እኮ ጾም ውስጥ ነው። የ2ኛ ክፍሎቹ 7 ዓመት ስለሞላቸው ብዙዎቹ ይጾማሉ። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለው ነገር ከሆነ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ።

ዳቦ ቤት ያለው ወላጅ፦ የጾም ኬክም እንጋግራለን።

ሲስተር፦ ጾም ስለሆነ ስኳሩ አይቀንስም።

ቲቸር፦ ከክልከላው በፊት የሚያስፈራኝ ቆሎው ነው። የሽምብራና የገብስ ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻም ጭምር ለኬጂ አይሁን፤ እየሳቁና እየሮጡ ሲበሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ወላጆች አስቀድመው ይንገሩን። ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ፈንዲሻ ይሁን፣ ተቀምጠው ከበሉ። ለ50 ልጅ 1 ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ ይበቃል። ዘይቱ ሲግል 3 ፍሬ ጣል አድርጉ፤ ሦስቱም ሲፈነዱ የድስቱን ወለል በአንድ ረድፍ የሚሸፍን ብቻ ጨምሩ። ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ መግጠም ስህተት ነው፤ እንፋሎቱ ካልወጣ እንደ ጎማ ይሆናል። ትኩሱን በፌስታል ማሰርም ያረጥበዋል። ሳይፈነዳ የቀረውን ልቀሙለት፣ ጥርስ ይሰብራል።

የኬጂ ወላጅ፦ ለትንንሾቹ አቮካዶ በዳቦ። ጅማ ላይ ሆነን አቮካዶ ካልበላን ማን ይብላው! ለ50 ቁራሽ 12 የበሰለ አቮካዶ፣ 3 ሎሚና ትንሽ ጨው ይበቃል። ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ሎሚው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ስለዚህ የተፈጨውን ላዩ ላይ ፌስታል አጣብቃችሁ አምጡ፣ ዳቦው ላይ ክፍል ውስጥ ይቀባ።

የ2ኛ ክፍል ወላጅ፦ የሚጠጣው ብርዝ ይሁን፣ በጅማ ማር።

ሲስተር፦ ማርም ለሰውነት ያው ስኳር ነው። ማታ የተበጠበጠ ብርዝ ደግሞ ጠዋት መፍላት ሊጀምር ይችላል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ስጧቸው።

ዳቦ ቤት ያለው ወላጅ፦ በበዓል ውሃ! እኔ እንኳ አልስማማም፤ ግማሽ ብርጭቆ ብርዝ በዓመት አንድ ቀን ማንንም አይጎዳም። ዳቦውን ግን እኔ እችላለሁ።

ቲቸር፦ ብርዙን ለብቻው እንነጋገርበት። ፍራፍሬው ልጁ ራሱ የሚልጠው ይሁን፣ ሙዝና መንደሪን፤ ተቆርጦ የመጣ ፓፓያ በማን እጅና በምን ውሃ እንደታጠበ አይታወቅም። ሙዙን ረቡዕ የሚገዛ ሰው ጫፉ አረንጓዴ የሆነውን ይምረጥ፤ ረቡዕ የበሰለው ለዓርብ ይጠቁራል።