የእድር ገንዘብ ለሞተ ብቻ ነው ወይስ ለታመመም?

የሰፈር ልጅ፦
በየእድሩ ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ የሚያድር ጥያቄ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ተቆጥሮ ይሰጣል። ያው ሰው ስድስት ወር አልጋ ላይ ተኝቶ የመድኃኒት መግዣ ሲያጣ ግን ከእድሩ አንድ ብር አያይም። ደንቡ ስለ ሕመም የሚለው ነገር የለማ! በቁሙ ያልደረስንለትን ሰው ከሞተ በኋላ ምን ልንጠቅመው ነው? ካዝናው ለታማሚም ይከፈት እላለሁ። እናንተስ?

ሒሳብ ያዥ፦
ሐሳብህ ደግ ነው፤ ግን ቁጥር እንያዝ። 180 አባወራ ያለው እድር ይሁን፣ የወር መዋጮው 100 ብር። በዓመት 216,000 ብር ይገባል። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅና ወላጅ ተቆጥሮ በዓመት 9 ሞት ቢደርስና ለእያንዳንዱ 15,000 ቢከፈል 135,000 ይወጣል። ለጥሪ ሠራተኛው በወር 3,000 ሲታሰብ በዓመት 36,000። የቀረው 45,000 ነው፤ የተቀደደ ድንኳን የሚጠገነው፣ የተሰበረ ወንበርና የጎደለ ሰታቴ የሚተካው ከዚያው ነው።

አሁን ሕመምን ጨምር። 180 ቤት ማለት ወደ 900 ነፍስ ነው። ከ30 ሰው አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ሆስፒታል ቢተኛ 30 ሰው ይሆናል። ለእያንዳንዱ 5,000 ብንሰጥ 150,000፤ ድንኳኑን ሳንነካ እንኳ በየዓመቱ 105,000 ይጎድለናል። 300,000 ብር ተቀማጭ ያለው እድር ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያዋጡ ሽማግሌ ሲሞቱ ለቀብራቸው ምን እንላለን? ለእሳቸውም ቃል ገብተናል እኮ።

ሌላም አለ። ሞትን ማንም አስመስሎ አይሞትም፤ ሬሳው ምስክር ነው። ሕመም ግን ድንበር የለውም። ጉንፋንም ሕመም ነው፣ የስኳር በሽታም ዕድሜ ልክ ነው። «የትኛው ይከፈልበት?» የሚለውን በደንብ ያልጻፈ እድር በመጀመሪያው ዓመት ይጣላል።

የመርካቶው ጎረቤት፦
ከቁጥሩ በፊት መሠረቱን እንይ። በእስልምና ሙስሊም በወንድሙ ላይ ካሉት መብቶች መካከል ሲታመም መጠየቁና ጀናዛውን መሸኘቱ አብረው ተቆጥረዋል። ሐዘን ለደረሰበት ቤት ጎረቤት ምግብ ሠርቶ እንዲወስድም ታዟል። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው «ወይ ሞት ወይ ሕመም» አይደለም። አንዱን በደንብና በቅጣት አጥብቀን ሌላውን ለየሰዉ ፈቃድ መተዋችን ነው ስህተቱ። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ በሽተኛ ያልጠየቀን ማን ጠይቆት ያውቃል?

የደብሩ ተማሪ፦
ወንድማችን ያሉት በእኛም ዘንድ ያው ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 7 ለሞተ ሰው ቸርነትን አትከልክል ይልና ወዲያው በሽተኛን ከመጠየቅ አትለግም ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። የቀድሞ ሰዎች የቁም ተዝካር ያወጡ የነበረውም በጎነት በቁም ቢሠራ ይሻላል ብለው ነው። በአርባው ቀን ዋናው ቅዳሴው፣ ጸሎተ ፍትሐቱና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ጠጅና ፍሪዳው በግድ የታዘዘ አይደለም። ለአርባ ድግስ ብድር የሚገባ ቤተሰብ አለ፤ ሟቹ ቢያይ የሚያዝንበት ነገር ነው። ካዝናውን ከመንካታችን በፊት እድሩ «ለአርባ የሚበደር አባል አናበረታታም» ብሎ ቢወስን በዚያ ብቻ ብዙ ቤት ይድናል።

የሰፈር ልጅ፦
አባባልዎን ተቀብያለሁ። ግን የሒሳብ ያዡን ጥያቄ አልመለሰም። ታማሚው ዛሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

የዋርድ ነርስ፦
እስቲ የሚያስፈልገውን በትክክል እንየው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ተስፋፍቷል። የመድን መታወቂያውን በጊዜው ያሳደሰ አባል ትልቁ ሸክም ይቀልለታል። ስለዚህ እድሩ በመጀመሪያ ማድረግ ያለበት ማን መድን እንዳለው ማወቅ፣ ማሳደሻው ሲደርስ በጥሪ ሠራተኛው በኩል ማስታወስ፣ መክፈል ላቃተው አባል ደግሞ ማበደር ነው። ይሄ ከሆስፒታል ክፍያ እጅግ ይረክሳል።

ከዚያ በኋላ የሚጎዳው በደረሰኝ የማይታየው ነው። አስታማሚ። በሽተኛ የሚተኛበት ክፍል ገብታችሁ እዩ፦ አንዲት ሴት ልጅ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ሦስተኛ ሌሊቷን ታድራለች። ቀን መድኃኒት ፍለጋ ትወጣለች፣ ስትመለስ አባቷ ከመኝታው ሳይገለበጥ ስለዋለ ጀርባው ቀልቷል። ያ ቀይ ቦታ በቀናት ውስጥ ቁስል ይሆናል። የሚከላከለው ገንዘብ አይደለም፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን የሚያዞርለት ሰው ነው። 180 ቤት ያለው እድር በቀን 2 ሰው፣ እያንዳንዱን 12 ሰዓት ቢመድብ ለአሥር ቀን 20 ሰው ይበቃል። ከቀብር ቀሪ እንደሚመዘገብ የአስታማሚ ተራም ይመዝገብ። ሥራ ያለው በምትኩ ሰው ይላክ። ደም ለሚያስፈልገው ደግሞ ፈቃደኛ ለጋሾችን አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የተባለው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ይሄ ገባኝ። ገንዘቡንም ጨርሶ አልዘጋም። ግን የቀብሩን ካዝና አንነካም፤ ሌላ ሣጥን ይከፈት፣ የባንክ ደብተሩም የተለየ ይሁን። በወር 30 ብር ተጨማሪ ቢዋጣ 180 ቤት በዓመት 64,800 ያመጣል። ለአንድ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ 3,000 ብር ቢሰጥ 21 ቤት ይዳረሳል። የሚከፈለው 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለተኛ ወይም ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ በሆስፒታሉ ወረቀት ይሁን። አዲስ ገቢ 6 ወር ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ሰው ከታመመ በኋላ ይመዘገብና የቆዩት ያኮርፋሉ። መዋጮውንም በየሁለት ዓመቱ ከገበያው ጋር ማስተያየት ያሻል። ብዙ እድር የተዳከመው የዛሬ አሥር ዓመቱን ክፍያ ይዞ ስለቀረ ነው።

የሴቶች እድር፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። «ወረቀት ያቅርብ» ስትሉ ወረቀቱን ማን ያነበዋል? ሞት የአደባባይ ነው፣ ሕመም ግን የቤት ገመና ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ወጣት ሲቀጥፍ የቀብሩ ብዛት የአዲስ አበባ እድሮችን ካዝና አራቁቶ ነበር፤ ታማሚውን በቁሙ ወደ መርዳት የገቡ እድሮችም የተነሡት ያኔ ነው። የዚያን ጊዜ ትልቁ እንቅፋት ብር አልነበረም፣ ሰው ስሙ እንዳይጠራ ፈርቶ ዕርዳታውን እየሸሸ ቤቱ መሞቱ ነበር። በ180 ሰው ፊት የበሽታው ስም የሚነበብ ከሆነ ደንቡ ቢጸድቅም ማንም አይመጣም።

የደብሩ ተማሪ፦
እህቴ እውነት ነው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። የተሰጠው ገንዘብ ይነገር፣ የተቀበለው ሰው አይነገር።

ሒሳብ ያዥ፦
ይሄ ከኦዲት ጋር ይጋጫል። ስም የሌለበት ወጪ ለሌባ በር ይከፍታል። አባላት ገንዘቡ የት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት አላቸው።

የሴቶች እድር፦
መብት አላቸው፤ የገንዘቡን እንጂ የበሽታውን አይደለም። ሦስት ሰው ይመረጥ፦ አንድ ከወንዶች፣ አንዲት ከሴቶች፣ አንድ በሰፈሩ የታመነ ሽማግሌ። ወረቀቱን እነሱ ብቻ ይዩ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። መዝገቡ ላይ የአባል ቁጥርና የብሩ መጠን ይግባ፣ የበሽታው ዓይነት አይጻፍ። ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክር፤ ለጉባኤው «በዚህ ሩብ ዓመት ለ5 ቤት 15,000 ብር ወጣ» ይበል፣ ይበቃል። ሦስቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየሩ። ከመካከላቸው ምስጢር ያወጣ ከኮሚቴው ወጥቶ እንደ ቀብር ቀሪ ሳይሆን ከዚያ በከበደ ቅጣት ይቀጣ።

ሒሳብ ያዥ፦
የሦስቱ ፊርማ ካለ እስማማለሁ። 30 ብሩ ግን በግድ ይሁን ወይስ በፈቃድ? በፈቃድ ከሆነ የሚገባው የታመመው ብቻ ነው፤ ሣጥኑ አይቆምም።

የመርካቶው ጎረቤት፦
በግድ ይሁን። ከጡረታ ሌላ ገቢ ለሌላቸው ግን ይነሣላቸው፤ የእነሱን ድርሻ ሌሎቻችን ጥቂት ሳንቲም ጨምረን እንሸፍን።

የሰፈር ልጅ፦
እንግዲህ የካዝናውን ሐሳቤን አንሥቻለሁ፤ ሌላ ሣጥን ይሁን። የአስታማሚ ተራው ግን ሣጥኑ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ብር አይጠይቅም፤ የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ መዝገብ ገዝቶ መጀመር ይቻላል።