የባሕር ዳር እንጨት ሠሪዎች የጋራ ቢት መሳያ ዕቅድ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። እያንዳንዱ አባል 2,500 ብር ያዋጣል፤ የአልማዝ ድንጋይ ያለው መሳያ ማሽን ይገዛል፤ ፋሲሎ ባለው ወርክሾፕ ይቀመጣል። የደነዘ የራውተር ቢት (እንጨት መቦርቦሪያው ማሽን ላይ የሚገጠመው ስለት) ማክሰኞ ይሰበሰባል፣ ዓርብ ተስሎ ይመለሳል። እንዳይቀላቀል ሁሉም የየራሱን ቀለም የቢቱ ዘንግ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ክፍል) ላይ ይቀባል። እስከ እሑድ ጻፉ።

በር ሠሪው፦ ዘንጉ ላይ ቀለም ካለ ኮሌቱ፣ ቢቱን የሚይዘው የማሽኑ አፍ፣ በደንብ አይጨብጠውም። በደቂቃ 22,000 ጊዜ የሚዞር ብረት ሲሾልክ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። የዋንዛ ፍሬሜን ቦርቡሮ ነው የቆመው።

አባይ ማዶ፦ ያለ ምልክት ልንሰጥ ነው ታዲያ? የሰርኩላር መጋዙን ዲስክ ጊዜ ረሳችሁት? አዲስ ሰጥቼ ጥርሱ የረገፈ ነው የተመለሰልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ነገር ተዘግቷል።

አባይ ማዶ፦ ላንተ ነው የተዘጋው። ዲስኩ የኔ ነበር።

ኪችን ካቢኔት፦ ቀለሙን እደግፋለሁ፤ ግን ቀይ የኔ ነው። ዕቃዬ ሁሉ ቀይ ነው።

አልጋ ሠሪው፦ ቀዩን ማን ሰጠህ? እኔ ከ2008 ጀምሮ ቀይ ነው የምቀባው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ኪችን ካቢኔት፦ ሰፈሩ አያዋጣም። የሚያዋጣ ይናገር።

አልጋ ሠሪው፦ ባለፈው መዋጮ ቀድሞ የከፈለ ማነው? ገንዘብ ያዡ ይመስክር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን አታስገቡኝ።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ ቀለሙን ተዉትና ስለ ስለቱ እናውራ። ደነዘ ብላችሁ ከላካችሁልኝ አሥር ቢት ስድስቱ አልደነዙም፤ ሙጫ ነው የያዛቸው። ላምባ ውስጥ አሳድሬ በጥርስ ብሩሽ ስፈትጋቸው ቆረጡ። አራቱን ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የደነዘው ነጭ ክር መስሎ ይታያል። ኩሽኔታውን ፈታሁ፣ የአልማዝ ሞረዱን ውኃ አስነካሁና የጥርሱን ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ሳልኩ፤ አንዱን ጥርስ አሥር ጊዜ ከሆነ ሌላውንም አሥር። ካልተመጣጠነ ይንቀጠቀጣል። ጀርባውን አትንኩ፣ ልኩም ቅርጹም ያለው እዚያ ላይ ነው። በግራጫው የግራይንደር ድንጋይ የምትሞክሩ ደግሞ ተዉ፤ ካርባይዱን፣ ጥርሱ የተሠራበትን ጠንካራ ነገር፣ አይበላውም፣ ትርፉ አሙቆ ማሰንጠቅ ነው።

በር ሠሪው፦ ጋሼ እንዳሉት ከሆነ ለየራሳችን አንዳንድ ሞረድ ይበቃናል። ማሽኑ ለምን?

ኪችን ካቢኔት፦ እሱ ዋንዛ ለሚሠራ ነው። እኛ የምንቆርጠው ኤምዲኤፍ፣ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ ነው፤ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ስለቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። የተሸረፈ ጥርስ በእጅ ይድናል?

አንጋፋው፦ የተሸረፈው አይድንም፣ ልክ ነህ። ማሽን ከተገዛ ግን ውኃ የሚረጭ ይሁን። የካርባይድ አቧራ ኮባልት አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። ልጆቻችሁ ናቸው ማሽኑ ላይ የሚቆሙት።

ጸሐፊ፦ ከመርካቶ ዋጋ አጣርቼ እመጣለሁ ያልከው ወንድም፣ ምን ደረስክ?

ጸሐፊ፦ ሦስት ቀን ሆነ። ስልክም አታነሳም።

አባይ ማዶ፦ ዋጋው ይቆይ። ቢቴን ማን እንደሚረከበኝ ሳላውቅ ብር አላወጣም።

አልጋ ሠሪው፦ ሌባ አለ እያልክ ነው?

አባይ ማዶ፦ አላልኩም። ባለ 12 ሚሊ ዘንግ ቢት ሁሉ ይመሳሰላል፤ ይቀያየራል ነው ያልኩት። አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ።

አልጋ ሠሪው፦ እሺ፣ ተናድጄ ነው። ዲስኩን በተመለከተ ግን ተበድለሃል፣ እኔም አምናለሁ።

በር ሠሪው፦ እንግዲያው ቀለሙ ይቅር፤ ሣጥን እንሥራ። ለእያንዳንዱ አባል ባለ ቀዳዳ ጣውላ፣ ከላዩ ቁጥር። ቢት ከቢት ሲጋጭ ነው ግማሹ የሚሸረፈው፤ ያንንም ያስቀርልናል። የሚረከብ ሰው ከነቁጥሩ ይፈርማል።

ኪችን ካቢኔት፦ ይሁን። 1 ቁጥር ግን ለኔ።

አንጋፋው፦ ጣውላው ደረቅ ዋንዛ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ቢቱ ይዝጋል። እኔ ጋ የተረፈ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሣጥኑ 400 ብር በነፍስ ወከፍ ይበቃል። የማሽኑ 2,500 ዋጋው እስኪታወቅ አይሰበሰብ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ። አንደኛ፣ ቁልፍ ያለው የቢት ሣጥን። ሁለተኛ፣ መረካከቢያ መዝገብ። መሳያው ለቀጣይ ስብሰባ ተላልፏል። ቁልፉን ማን ይያዝ?

አባይ ማዶ፦ ፋሲሎ ከሆነ የሚቀመጠው፣ ቁልፉ እኛ ሰፈር፣ አባይ ማዶ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአንድ ቢት የአባይን ድልድይ ልንሻገር ነው?

አባይ ማዶ፦ ለዲስኩ እኔ አራት ጊዜ ተሻግሬያለሁ።