ወደ ጀርመን ከመሄዴ በፊት ስለ ማስረጃዎቼ ምክራችሁን እሻለሁ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ነርስ ስሆን፣ የኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) የጀርመንኛ ፈተናውን አልፌ በቅርቡ ወደ ባለቤቴ ወደ ጀርመን እሄዳለሁ። እዚያ የሚሰጠው የውህደት ኮርስ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ባህል መሆኑን፣ ለአዲስ ገቢዎችም ነፃ የምክር አገልግሎት እንዳለ አውቃለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። የአባቴ ስም በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ‹ኤስ› ሲጻፍ፣ በዲግሪዬና በሥራ ልምድ ማስረጃዬ ላይ ግን በሁለት ነው፤ ለእኛ ከቁም ነገር የማይቆጠረው ይህ ልዩነት፣ ሙያዬን መርምሮ እውቅና የሚሰጠውን አካል ማስረጃው የሌላ ሰው ነው እንዳያሰኘው እሰጋለሁ። በማዋለጃ ክፍል ለዓመታት ያገለገልኩበትን ሙያ ማጣት ለእኔ ከባድ ነው። ይህ የገጠማችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ከዩኒቨርሲቲውና ከመሥሪያ ቤቴ የማስተካከያ ደብዳቤ አጽፌ፣ አረጋግጬና አስተርጉሜ ልሂድ ወይስ እዚያ በቃለ መሐላ የሚፈጸም ማረጋገጫ ይበቃል? ባለቤቴ በፈረቃ ስለሚሠራ ብዙውን ቀን ብቻዬን ነኝና፣ በትንሽ ከተማ የኖራችሁም የሐበሻ ሰው እንዴት እንዳገኛችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።