የላይደን የቅየሳ ትምህርት ጽሑፎች፦ ለጋራ ዕቅዳችን የቀረበ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። የኔዘርላንዱ ልዑል ማውሪትስ እ.ኤ.አ. በ1600 በላይደን ከተማ ባስጀመረው የመሐንዲሶችና የቀያሾች ትምህርት ላይ እናተኩር። ሥርዓተ ትምህርቱን ያወጣው የሒሳብ ሊቁና መሐንዲሱ ሲሞን ስቴቪን ነው፤ የሚሰጠውም በላቲን ሳይሆን በሆላንድኛ ነበር። የምንገለብጠው አባትየው ፍራንስ ፋን ስኩተን (በስሙ የሚጠራ ልጅም ነበረው) ያስተማረበትን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የዚያን ዘመን የሳይን (ከአንግል ርዝመት ለማስላት የሚያገለግል ቁጥር) ሰንጠረዦችም እንጨምርበት ብያለሁ። እስቲ አስተያየታችሁን።

ቀያሹ፦ ሰብሳቢያችን፣ ሰንጠረዦቹን ቢያወጧቸው ይሻላል። ጊዜያችንን ይጨርሱታል፤ የሚያስፈልገን የተሠሩት ምሳሌዎች ናቸው። ለሙከራ ይህን እንያዝ፦ ከወንዝ ማዶ ያለ ግንብ፣ 40 ዘንግ መነሻ መስመር፣ በጫፎቹ 62 እና 71 ዲግሪ። ሦስተኛው አንግል 47 ይሆናል። 40ን በ71 ዲግሪ ሳይን (9,455,186) አባዝቶ ለ47 ዲግሪ ሳይን (7,313,537) ማካፈል ነው፤ ከ62ቱ ጫፍ እስከ ግንቡ 51.713 ዘንግ ይወጣል። የራይንላንድ ዘንግ 12 ጫማ፣ ወደ 3.77 ሜትር ነው።

የሒሳብ መምህርቷ፦ ለገልባጮች አንድ ነገር ይጻፍ። የእነዚያ ሰዎች ሳይን ከ1 በታች የሆነ ቁጥር አይደለም፤ ሬዲየሱ 10,000,000 በሆነ ክብ ውስጥ ያለ ርዝመት ነው። ሬዲየሱን 100,000 ያደረጉም አሉ። ሁለቱም ሳይኖች ከአንድ ሰንጠረዥ ከመጡ ሬዲየሱ ይጣፋል፤ ከተቀላቀሉ ግን መልሱ 100 እጥፍ ይዛባል። ስለዚህ በየምሳሌው ራስጌ ሬዲየሱ ይመዝገብ።

ሌላው የስቴቪን የአሥርዮሽ አጻጻፍ ነው። 51⓪7①1②3③ ማለት 51.713 ነው፤ በክብ ውስጥ ያለው ቁጥር ከፊቱ ያለው አሃዝ ስንተኛ የአሥርዮሽ ቦታ እንደሆነ ያሳያል። ክቦቹ ደብዝዘው ከሆነ ያልለመደ ሰው 510711233 ብሎ ያርፈዋል! ከዚህ የሚብሰው 7ቱን ጫማ ነው ብሎ ማንበብ ነው፤ 7 አሥረኛ ዘንግ 8.4 ጫማ ነውና። ይህ ስሕተት ቁጥሩን ብዙ ስለማያርቀው በዓይን አይያዝም።

ቀያሹ፦ ትክክል ነዎት። በ71ዱ አንግል ላይ 10 ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድስተኛ) ብቻ ስሕተት ብትገባ ርቀቱ 0.19 ዘንግ፣ ማለትም 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ የመጨረሻዋን አሃዝ አንመናት፤ ሜዳ ወጥተን ስንሞክርም በእሷ እንዳንከራከር።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ሰንጠረዦቹ ከዕቅዱ ወጥተዋል። በመጀመሪያው ዙር 12 ምሳሌዎች ብቻ። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ለየብቻ ይገለብጠዋል፤ ሦስተኛው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ያሰላዋል፤ ትርጉሙ የሚጀመረው ሦስቱ ከተስማሙ በኋላ ነው። ልዩነት ከተገኘ የጽሑፉ ቁጥር እንዳለ ይቀመጥና የእኛ ስሌት በኅዳጉ ይጻፍ፤ ማንም ዝም ብሎ እንዳያርም። የመሣሪያ ጉዳይ ቀርቷል፦ ሜዳ የምንወጣው በቴዎዶላይት (መነጽር ባለው የአንግል መለኪያ) ነው ወይስ በዲግሪ በተከፈለ የእንጨት ክብ?

ቀያሹ፦ በእንጨቱ። ዲያሜትሩ ከ40 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ያን ጊዜ አንድ ዲግሪ በጠርዙ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ሩብ ዲግሪ ይነበባል። የእንጨቱንና የናሱን ዋጋ አያይዤ እልካለሁ።