ስምንት ሻንጣ ይዘን የራሳችንን ልብስ የምናስገባበት ቦታ አጣን፤ ምን ይሻለናል?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ አባወራ

ጤና ይስጥልኝ። ለገና ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት የቆረጥነው በነሐሴ ወር ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን በድምሩ አራት ሰዎች ነን፤ ለእያንዳንዳችን እስከ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሁለት ሻንጣዎች ስለተፈቀዱልን፣ ቁጭ ብዬ ስደምረው 184 ኪሎ መጣልኝ። ያን ሌሊት እንደ ከበርቴ ተኝቼ አደርኩ። ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለአማቴ የጉልበት ማሰሪያ፣ ለወንድሜ ልጆች ጫማ፣ ለእኛም ልብሳችንን ይዘን፣ ግማሹ ሻንጣ ባዶውን እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበርኩ።

ስህተቴ ትኬት መቁረጤን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰው መናገሬ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። በማግስቱ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የሚደውለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የልጆቹን ጤንነት፣ ቀጥሎ የሥራዬን ሁኔታ፣ ከዚያም የአየሩን ጠባይ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ» ይላል። እስካሁን ከደረሱኝ ትንንሽ ነገሮች መካከል አንዷ ለአንዲት አክስት የምትላክ ተሽከርካሪ ወንበር ናት። ያመጣት ሰው በሬ ላይ ቆሞ «ስትታጠፍ እኮ ትንሽ ናት» ብሎ አጥፎ አሳይቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር በጥሩ ሁኔታ ትታጠፋለች።

ቤታችን ያለው ሚዛን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ስለሆነ፣ ሻንጣ ሲቀመጥበት ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻዬን እቆማለሁ፤ ቀጥዬ ሻንጣውን አቅፌ እቆማለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ልዩነቱን ታሰላለች። ትምህርት ቤት ያቃታትን መቀነስ በዚህ ሳቢያ አቀላጥፋዋለች። ጉዳቱ ለዓመታት ከባለቤቴ ደብቄው የኖርኩት ክብደቴ፣ ማለትም 94 ኪሎ፣ በልጄ እጅ ጽሑፍ ስምንት ጊዜ ተመዝግቦ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፉ ነው። ከዚያ ወዲህ «ይህ ሻንጣ ሦስት ኪሎ በዝቷል» ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ «ሻንጣው ብቻ ነው?» ትለኛለች።

ትናንት ማታ ሒሳቡን ስንዘጋ ከ184 ኪሎው ለእኛ ለአራታችን የቀረን 11 ኪሎ ነው። ትንሹ ልጄ «እኛ ምን ለብሰን ልንዞር ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዲስ አበባ ሞቃት ናት ብዬ ላባብለው አሰብኩና የታኅሣሥን ሌሊት ሳስታውስ ተውኩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ላኪው ሳይቀየም፣ ተቀባዩም ሳያዝን፣ አደራን «አልችልም» ለማለት የሚያስችል ጨዋ መንገድ የምታውቁ አላችሁ?

መልስ፦ የአሌክሳንድሪያዋ ተመላላሽ

ወንድሜ፣ ጨዋ መንገድ የለም። ይህን የምልዎት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ የምሄድበትን ቀን አንድ ሳምንት አዘግይቼ ተናገርኩ። ያመጣልኝ ትርፍ ቢኖር፣ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ቡና እየጠጣሁ ሳለሁ አንዲት ወዳጄ በቪርጂኒያ የቤቴን ደጅ ስታንኳኳ መዋሏ ነው። የያዘችው ደግሞ የሕፃን ዱቄት ወተት ስለነበር ጥፋቴ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ይልቅ ሌላ ነገር ልምከርዎት። የታሸገ ዕቃ ከማንም አይቀበሉ፤ የእናትዎ ልጅ ቢሆንም እንኳ ፊት ለፊትዎ ያስከፍቱት። አየር ማረፊያ ላይ «ሻንጣውን ያሰናዱት ራስዎ ነዎት?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ አዎ መሆን አለበት። እኔ በሦስተኛው ጉዞዬ «ልብስ ብቻ ነው» የተባለ፣ ዙሪያውን በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን ተቀብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ሻንጣው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 34 ኪሎ ሆነ። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነን አንድ ሻንጣ ገንዘብ ቢከፍሉበት እንኳ አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ተከፍቶ መቀነስ ነበረበት። ሰልፉ ከኋላዬ እየተመለከተ መሬት ላይ ተንበርክኬ ካርቶኑን ስቀድደው፣ በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ ከብረት የተሠራ የሥጋ መፍጫ ወጣ። ከሥሩ ሁለት ፓወር ባንኮች ነበሩ፤ ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መሄድ አይፈቀድለትም። መፍጫውን በእጅ ሻንጣዬ አድርጌ በፍተሻው እንዴት እንዳለፍኩ አልነግርዎትም፤ ምክንያቱም አላለፍኩም።

አዳዲስ ስልኮችንም ይጠንቀቁ። አራት ያልተከፈተ ስልክ ይዞ «ለግል መገልገያዬ ነው» የሚል ሰው ቦሌ ላይ የሚያምነው አያገኝም፤ ቀረጡን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ላኪው ደግሞ «እኔ ስልክ ብቻ ነው የላክሁት» ይላል።

አሁን የምጠቀምበትን ዘዴ ከፈለጉ፣ ለሚደውልልኝ ሁሉ «በደስታ ነበር፤ ግን የሚመዝነው ባለቤቴ ነው፤ ከሁለት ኪሎ በላይ በጭራሽ አይፈቅድም» እላለሁ። በዚህ ምክንያት ባለቤቴ በአካባቢያችን ጨካኝ የሚል ስም ወጥቶለታል። እርሱ ግን ሚዛኑ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም።

መልስ፦ መንገደኛ

ዕቃውን በካርጎ ለምን አይልኩትም?

መልስ፦ የአሌክሳንድሪያዋ ተመላላሽ

በካርጎ የሄደ ጫማ የተላከለት ልጅ እግሩ አድጎ ይጠብቀዋል።

መልስ፦ ከገርጂ ጠባቂው

እናንተ ስለ ጭነቱ ስትጨነቁ፣ ቦሌ ላይ ቆመን የምንጠብቀው ሰዎች ደግሞ የራሳችን አቤቱታ አለን። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከነቤተሰቡ ሲመጣ «7፡30 እንደርሳለን» የሚል አጭር መልእክት ላከ። እናቴ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስነብባ ከሰማች በኋላ «ሰባት ሰዓት ተኩል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ማለት ነው» ብላ ፈረደች። በእኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ መሆኑን ወንድሜ በአሥራ አምስት ዓመት የአሜሪካ ኑሮው ዘንግቶታል፤ እርሱ ያለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ዶሮው ተሠርቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዘጠኝ ሰዎች በሁለት መኪና ተጭነን፣ አበባ ይዘን በሰዓቱ ደረስን። ወንድሜ ስምንቱን ሻንጣዎች እንደ አጥር ደርድሮ፣ ልጆቹን በላያቸው አስተኝቶ፣ እርሱ ራሱ ጋሪ ተደግፎ ቆሟል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቋል። የአሜሪካ ስልኩ አልሠራ ሲለው ከሰው ተውሶ አምስት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ እናቴ ግን የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። ገና ስታየው አቅፋ እያለቀሰች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ቀድመህ መጣህ እንዴ ልጄ!» የሚል ነበር።

ስለዚህ ከሻንጣው በፊት ሰዓቱን አስተካክላችሁ ጻፉ፤ «ጠዋት» የምትለው ቃል ኪሎ አትመዝንም።

ስለ ጫማም አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ልጅ የእግሩን ልክ በትክክል ለማሳወቅ ወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ካሰመረ በኋላ፣ ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከው። በፎቶ ላይ እግር የሚያህለው ስልኩን እንጂ ጫማውን አለመሆኑን ማንም አላስተዋለም። ወንድሜ ፎቶውን ለሻጩ አሳይቶ በግምት የገዛው ጫማ፣ ዛሬ ከቤተሰቡ ሁሉ ረጅም በሆነው በአጎቴ እግር ላይ ይገኛል፤ እርሱም በሁለት ካልሲ ነው የሚያደርገው።

ሻንጣ ደግሞ በደረሳችሁበት ምሽት አትክፈቱ። በደረሱበት ምሽት የተከፈተ ሻንጣ ፊት ለፊት አሥራ አራት ሰው ይቀመጣል፤ ሎሽን የደረሳት ሴት ሽቶ የደረሳትን እያየች «አይ፣ ሎሽንም ጥሩ ነው» ትላለች። ያቺን «አይ» የሚያወጣት ሚዛን ገና አልተሠራም።

መልስ፦ የእናቱ ልጅ

የመልሱን ጉዞ ያነሳ አለመኖሩ ገርሞኛል። እኔ ባለፈው ጥር ሰባ ዓመት ያለፋትን እናቴን ከአዲስ አበባ ይዣት መጥቻለሁ። የእርሷ ሁለት ሻንጣዎች ከበርበሬ፣ ከሽሮ፣ ከሚጥሚጣ፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶና ከዳቦ ቆሎ በቀር ሌላ ነገር አልነበረባቸውም፤ ልብሷን ሁሉ ደርባ ለብሳው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው አውሮፕላን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ የእኛ ደብሊን ላይ አረፈ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ጭኖ መነሳት አውሮፕላኑን ይከብደዋል። ከዋሽንግተን ሲመጣ ግን የሚነሳው ከዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ አንዴም ሳያርፍ ይገባል። ይህን ሁሉ ያስረዳኋት፣ መንኮራኩሩ መሬት እንደነካ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ለመውረድ በመተላለፊያው ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ተመልሳ እየተቀመጠች «ከእኛ አገር የሚነሳ ሁሉ ከብዶት ነው የሚነሳው» አለችኝ። ስለ በርበሬው ይሁን ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

ከዚህ የባሰው ጾሙ ነው። የተነሳነው ማክሰኞ ማታ ሲሆን፣ ረቡዕ አየር ላይ ያዘን። እናቴ ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትጾማለች። አስተናጋጇ ቁርስ ይዛ ስትመጣ የጾም ምግብ አስቀድሜ ማስመዝገቤን ብነግራትም፣ ችግሯ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነበር፤ «ዘጠኝ ሰዓት የየት አገር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በጥር ወር በሁለቱ ከተሞች መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። የአዲስ አበባን ብትወስድ ብዙም ሳይቆይ ትፈስክ ነበር፤ እርሷ ግን ጥቂት ካሰላሰለች በኋላ «የምወርድበትን አገር ነው የማከብረው» ብላ ወሰነች። ስለዚህ እናቴ 32 ሰዓት ያለው ረቡዕ ጾማለች፤ ቤቴ ገብታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርስ አዲስ አበባ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ጉምሩክ ላይ ምግብ የያዘ ሁሉ መናገር እንዳለበት፣ ሥጋ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይገባ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ሥጋ አለመያዟን በማርያም ስም ምላልኛለች። ሻንጣ እየጠበቅን ሳለ ጆሮው የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ ከተቆጣጣሪው ጋር እየተዘዋወረ መጣና፣ የእናቴን የእጅ ቦርሳ አሽትቶ ከአጠገቧ ቁጭ አለ። ውሾቹ የሚሠለጥኑት ነገር ሲያገኙ ዝም ብለው እንዲቀመጡ መሆኑን አውቅ ስለነበር እኔ ላብ አጠመቀኝ። እናቴ ግን ደስ ብሏት «ተመልከት፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ለይቶ አወቀኝ» አለችና መረቀችው። ከቦርሳው በጨርቅ የተቋጠረ ቋንጣ ወጣ። «ሥጋ አልያዝኩም አላልሽም?» ስላት በሙሉ እምነት «ቋንጣ ሥጋ ነው እንዴ? ቋንጣ ቋንጣ ነው» ብላ መለሰች። ተቆጣጣሪው ይህን እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት፤ ሳቀ፤ ቋንጣውን ግን አልመለሰውም። ለዚያ ለውሻ እንኳ አለመሰጠቱ እናቴን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ አባወራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የታሸገውን ሁሉ ዛሬ ማታ ከፍቼ አየሁ፤ የሥጋ መፍጫ አልተገኘም፤ አንድ የልብስ ካውያ ግን ተገኝቷል። ለእናቴም «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ጻፍኩ፤ እርሷም «ታዲያ ስንት ሰዓት ልምጣ?» ብላ መለሰች።

የአሌክሳንድሪያዋ እህታችን የሰጡኝን ዘዴ በጣም ወድጄው፣ ከእንግዲህ «የምትመዝነው ባለቤቴ ናት» ልል መሆኔን ለባለቤቴ አማከርኳት። ሳቋ አላስጨርሰኝ አለ። ለካ እርሷ ከመስከረም ጀምሮ ለሚደውልላት ሁሉ «እሱ ነው የሚመዝነው» ስትል ኖራለች። ባለፉት ሦስት እሑዶች በቤተ ክርስቲያን ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች ነገር አሁን ገባኝ።

ተሽከርካሪ ወንበሯ እስካሁን ሳሎን ውስጥ ናት። ልጆቹ በተራ በተራ እየተቀመጡ ስለሚነዷት መታጠፏን ትታለች።