የፕሪንተር ወረቀት ላይ ያለውን ቀለም እንዴት ላስለቅቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አሮጌ የቢሮ ወረቀት እየሰበሰብን የሰላምታ ካርድ እንሠራለን። ወረቀቱን እንዘፈዝፋለን፣ በብሌንደር እንፈጫለን፣ በወንፊት ፍሬም እያነሳን እናደርቃለን። ሲደርቅ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ ነጠብጣብ ሳይኖረው እንዳለ ግራጫ ይሆናል። ሁለት ጊዜ በረኪና ጨመርኩበት፤ ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም። እባካችሁ እርዱኝ።

የኬሚስትሪ መምህር፦ እህቴ፣ ሁለት ዓይነት ቀለም አንድ ላይ እየፈጨሽ ይመስለኛል። የሌዘር ፕሪንተርና የኮፒ ማሽን ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ማሽኑ በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ውሃ አያሟሟውም፤ ይሰባበራል እንጂ። ነጠብጣብሽ እሱ ነው። ጥቁርነቱ ከካርቦን ስለሚመጣ በረኪና ምንም አያደርገውም። የኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር፣ ቀለም ግን በአብዛኛው በውሃ የተበጠበጠ ነው። ስትዘፈዝፊው ይለቅና የወረቀቱን ቃጫ ራሱን ያቀልመዋል። መጀመሪያ ለያቸው። ጣትሽን ውሃ አስነክተሽ ጽሑፉን እሺው። ከለቀቀ ኢንክጄት ነው፤ ካልለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር ነው።

ወረቀት ፋብሪካ የሠራ፦ መምህሩ ልክ ናቸው። ፋብሪካ ቶነሩን የሚያወጣው በአረፋ ነው፤ በባልዲም ይሞከራል። የተፈጨውን በጣም አቅጥኚው፤ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 10 ግራም ደረቅ ወረቀት ይበቃል። ጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጊበት። ከዚያ ከሥር አየር ንፊበት፤ የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ ብታገኚ በጣም ጥሩ ነው። ቶነር ውሃ ስለማይወድ አረፋው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ጥቁሩን አረፋ በጭልፋ እየገፈፍሽ ጣዪው። አረፋው ነጣ እስኪል ድረስ አትቸኩይ።

አረፋ በደንብ የሚያነሳው ከ10 እስከ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያለውን ቅንጣት ነው። ነጠብጣቡ በዓይን ጎልቶ ከታየሽ ትልቅ ነውና ትንሽ ጨምረሽ ፍጪው። ከዚህ የደቀቀውን ደግሞ ወንፊት ላይ ደጋግመሽ በውሃ እጠቢው፤ ቃጫው ይቀራል፣ ቀለሙ ይወርዳል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ! ኢንክጄቱንስ ምን ላድርገው?

ወረቀት ፋብሪካ የሠራ፦ እሱን አረፋ አያነሳልሽም። ውሃውን እየቀያየርሽ እጠቢው። ካልጠራልሽ ለብቻው አድርገሽ ባለ ቀለም ካርድ ሥሪበት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለ በረኪናው ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሆምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ብሌንደሩንም ለምግብ አትመልሱት።

ጠያቂ፦ እሺ እማማ፣ በረኪናውን ትቼዋለሁ። ዛሬ አንድ ባልዲ የሌዘር ብቻ ለይቼ ሞከርኩ። የአየር መንፊያ ስላላገኘሁ በእንቁላል መምቻ መታሁት። አረፋው ጥላሸት መስሎ ወጣ! አራት ጊዜ ገፈፍኩት። ካርዱ አሁን ገመድ ላይ ነው፤ ነጠብጣቡ በጣም ቀንሷል። ነገ የአየር መንፊያ ፍለጋ እወጣለሁ።